ለአቶ አበጋዝ ቀብር የተጠሩት

ሣራ ሰውን በስሙ አታስታውስም። ሥራዋ የደንበኞች መዝገብ ለሆነ ሴት ይህ የሚያስቅ ጉድለት ነው፤ እሷም ታውቀዋለች። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ጥግ፣ በወይዘሮ ዓለምጸሐይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ክምር ኋላ ካለችው ጠባብ ክፍል ስትቀመጥ ሰው ሁሉ የሚመጣላት በሠራው ቤት ነው። «ያ ነፋስ ሁለቴ ጣሪያውን የወሰደበት ሰውዬ»፣ «ያቺ በሯን አረንጓዴ ቀብታ በማግስቱ ሰማያዊ ያደረገችው»። ደንበኛው በሩ ላይ ቆሞ «ያዘዝኩት ቀለም መጣ ወይ?» ሲላት «ስምዎን ማን ልበል?» ካለችው በቃ፣ ይቀየማል። ስንት ዓመት ሻይ ተገባብዞ ስም መጠየቅ! ስለዚህ ዘዴ አበጀች። «ስልክዎ ያው የድሮው ነው?» ትላለች። ሰውየው ቁጥሩን ሲነግራት ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፈዋለች፣ ስሙ ከነአባቱ ብቅ ይላል፣ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በስሙ ትጠራዋለች። ሰውየው እንደታወሰ ቆጥሮ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ሶፍትዌሩን ያስገባላቸው ናትናኤል የሚባል፣ ከሐዋሳ የመጣ ባለሙያ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም.። ከዚያ በፊት ደንበኛ ሁሉ በካርቶን በተደረደረ ካርድ ላይ ነበር የሚኖረው። ካርዱን ምስጥ ይበላዋል፣ የተረፈውን የሣራ ላብ ያጨማልቀዋል፤ የሲቀላን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ናትናኤል ሁለት ነገር አሳያት። አንደኛው መፈለጊያው ነው፤ ጥቂት ፊደል ወይም ቁጥር ከጻፉበት ሰውየውን ከነታሪኩ ያመጣዋል። ሁለተኛው ማጣሪያው ነው። «ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ያሉትን ብቻ» ሲሉት የሲቀላ ሰው በሙሉ ከስክሪኑ ላይ ድራሹ ይጠፋል።

«የጠፉትስ የት ሄዱ?» አለች ሣራ የመጀመሪያ ቀን፣ ደንግጣ።

«የትም አልሄዱም። አሉ። አይታዩሽም እንጂ» አላት።

ማጣሪያው ፍቅር አስያዛት ቢባል ግነት የለውም። ከፋሲካ ወዲህ ያልመጡትን፣ ሚስማር ወስደው ቆርቆሮ ያልወሰዱትን፣ ቤት ጀምረው መስኮት ላይ የቆሙትን እያጣራች ታወጣና ስልክ ትደውላለች። «ምነው መስኮቱ ቆመ? ደህና አይደላችሁም እንዴ?» ትላለች። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ይህ ለንግድ የሚደረግ ብልሃት ይመስላት ነበር፤ ሣራ ግን እውነት አሳስቧት ነው የምትደውለው። ባለቤቷ ክብሩ «እኔንም አንድ ቀን አጣርተሽ ታስወጪኛለሽ» እያለ ይቀልድባታል።

ተወልዳ ያደገችው ጨንቻ ነው። አባቷ ሸማኔ ነበር፤ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ሲሸምን አጠገቡ ተቀምጣ ነው ፊደል የቆጠረችው። ከዚያ ብርድ ወርዳ አርባ ምንጭ ታይፕ ተማረች፣ መደብሩ ውስጥ ገባች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ከክብሩ ጋር የሚሄዱበት የጸሎት ቤት ውስጥ ሰንበት ሰንበት ልጆች ታስተምራለች። የረጋች፣ ሳቅ የማይጠፋት፣ ሰው ሲጣላ ግን ሆዷን የሚያማት ሴት ናት። ሆዷን የሚያማት ሲባል እንዲሁ ለወግ አይደለም፤ በእርግጥ ያማታል።

ሆዷን ካሳመሟት ነገሮች አንዱ ደግሞ ዕድሩ ነበር።

የሰፈሩ ዕድር የተቋቋመው ሲቀላ ገና ጥቂት ቤት በነበረችበት ዘመን ነው። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም አንድ ላይ ነበሩ፣ ድንኳኑም አንድ፣ ወንበሩም አንድ። በዚያ ጊዜ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን ይዞር ነበር። በኋላ አባሉ ተበተነ፤ ግማሹ ሴቻ ወጣ፣ ግማሹ ወደ አባያ በሚወስደው መንገድ ዳር ቦታ ገዝቶ ሠራ። ጥሩምባው እዚያ ድረስ አይሰማም። ሣራ የዕድሩ ጸሐፊ ሆና በተመረጠች ጊዜ፣ ወይዘሮ ዓለምጸሐይን አስፈቅዳ፣ አባላቱን በዚያው በመደብሩ ሶፍትዌር ውስጥ ለብቻቸው መዘገበቻቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ሲም ካርድ የሚገባባት ትንሽ ዕቃ ተሰካች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያርፍ ሣራ መልእክቱን ትጽፋለች፣ «ላክ» የሚለውን ትጫናለች፣ ስክሪኑ ላይ ለሚታየው አባል ሁሉ በየስልኩ ይደርሰዋል።

ሁሉም ተስማማ፤ ከአቶ አበጋዝ በስተቀር።

አቶ አበጋዝ ወፍጮ ቤት የነበራቸው፣ ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም ሰው ነበሩ። «የኔን ሞት በስልክ እንዳታወሩ!» ብለው ስብሰባውን አሳቁት። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዕድር ውስጥ መሳቅ ካቆሙ ቆይተዋል።

ነገሩ የተጀመረው እናታቸው ሲቀበሩ ነው። ዕድርተኛው በሙሉ አስከሬኑን አጅቦ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ መጣ። እዚያ ሲደርስ ፕሮቴስታንቶቹ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ፣ ኦርቶዶክሶቹ ተሸክመው ገቡ። ማንም ክፉ አላሰበም። በሩ ላይ የቆሙት «ብንገባ ቅር ይላቸዋል» ብለው ነው፣ የገቡት ደግሞ «መግባት አይፈልጉም» ብለው። አቶ አበጋዝ ግን ዞር ብለው ባዩ ጊዜ እናታቸው የተጣለች መሰላቸው። እናታቸው የእነዚያን የብዙዎቹን ልጆች አዋልደዋል። «እናቴን በር ላይ ጥለዋት ቆሙ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ከዚህ ሐሳብ የሚመልሳቸው ጠፋ። ሣራ ያን ቀን በሩ ላይ ከቆሙት አንዷ ነበረች። ብዙ ጊዜ ቤታቸው ሄዳ ልትነግራቸው አስባ፣ ምን ብላ እንደምትጀምር ስታጣ ትተወዋለች።

እንግዲህ አቶ አበጋዝ ዕድሩ ለሁለት ይከፈል አሉ። የቅርብ ወዳጃቸው አቶ ካሳ ደገፋቸው፣ ሌሎችም ተከተሉ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደግፌ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪና ፕሮቴስታንት፣ መጀመሪያ ለመኑ፣ ኋላ ተቆጡ፣ በመጨረሻ ደከማቸውና «እንግዲህ ድምፅ ይሰጥበት» አሉ። በ2006 ዓ.ም. ሁዳዴ ውስጥ በሚውለው በአንዱ እሑድ፣ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ፣ ጉዳዩ እንዲወሰን ቀን ተቆረጠ። ሊከፈል እንደሚችል ሁሉም ያውቀዋል። የሣራ ሆድ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተሻለውም።

ሆኖም ስብሰባ ሲኖር ምሳ አለ፣ ምሳ ሲኖር ደግሞ ሥራ አለ። ምግብ የምታበስለው ጌጤ «የጾሙን ስንት ሰው ልበል፣ የፍስኩን ስንት?» ብላ ነዘነዘቻት። ሣራ አባላቱን አንድ በአንድ ጠየቀች። ሁለት ሐይቅ ታቅፋ በተቀመጠች ከተማ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ጾመኛ ሆኖ ዓሣ የሚበላ አለ፣ ዓሣ ሲባል ፊቱን የሚያዞር አለ፣ ሚስቱ ፊት አንድ ብሎ ውጭ ጠርቶ ሌላ የሚነግራት አለ። አቶ አበጋዝን ስትጠይቃቸው «እጾማለሁ። ዓሣም አልነካም። በደንብ አድርገሽ ጻፊው» አሏት። ይኸው ነበር የመጨረሻ ቃላቸው ለሷ።

ስብሰባው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መደብሩ ጭር ሲል ተቀመጠችና አጣራች። መጀመሪያ ጾመኞቹን አውጥታ ለጌጤ ደወለች። ቀጥላ የማይጾሙትን አወጣች፤ እነዚህ እንግዲህ ፕሮቴስታንቶቹ መሆናቸው ነው። ቁጥራቸውን ለጌጤ እየነገረቻት ሳለ የሲሚንቶ መኪና ደረሰ። ስልኩን ዘጋች፣ ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ ወደ መኪናው ሮጠች። ማጣሪያውን አላነሳችም። ያ ሶፍትዌር ደግሞ አንዴ ያጣሩበትን ነገር ካላነሱለት ጠፍቶ ሲበራም አይረሳም፤ ለመደብር ሥራ ይህ ጸባዩ ተወዳጅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መደብሩን እንደከፈተች ጋሽ ደግፌ ደወሉላት።

«ሣራዬ፣ አበጋዝ አረፈ።»

«የትኛው አበጋዝ?» አለች። ስንት አበጋዝ ያለ ይመስል!

«የኛው ነዋ። ልቡ ነው አሉ። ሚስቱ ሚስጥር አሁን ደወለችልኝ። ለካሳም ንገሩልኝ ብላኛለች፤ መልእክቱ ይደርሰዋል ብያታለሁ። ልጁ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እየመጣ ነው፤ ቀብሩ ዛሬ ሰባት ሰዓት ነው። ቶሎ በይ እባክሽ። አዲሱ ቤት ጎረቤት የለውም፣ ዘመድ ያለው ደጋ ነው። ከኛ በቀር የሚሸኘው የለም።»

ሣራ ጻፈች። የዕድራችን አባል አቶ አበጋዝ ከዚህ ዓለም ድካም ስላረፉ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ በአባያ መንገድ በሚገኘው አዲሱ ቤታቸው እንድትገኙ፣ ቀብሩም እዚያው አቅራቢያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ሰባት ሰዓት ላይ ይፈጸማል ብላ ጻፈች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ደግሞም አንድ ግንበኛ «የኔ እህት፣ ሠራተኛ አቁሜ ነው የመጣሁት» እያለ መስኮቱን ያንኳኳባታል። «ላክ» የሚለውን ተጫነች። «መልእክቱ ተልኳል» አለ ስክሪኑ። ስሞቹን ዝቅ ብላ አላየቻቸውም። ብታያቸውስ? ሣራና ስም!

ከአምስት ሰዓት ትንሽ አልፎ በባጃጅ ደረሰች። አዲሱ ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ ለብቻው ቆሟል፤ አጥሩ ገና አልተቀባም፣ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ወንበሩ ላይ ግን ክፍት ቦታ ይበዛል። ሣራ እየተንሰቀሰቀች ገብታ እትዬ ሚስጥርን አቀፈቻቸው፣ አብራ አለቀሰች፣ ቀና ብላ እንባዋን ጠረገችና ዙሪያዋን አየች።

ጋሽ ደግፌ አሉ። ያ ሁለቴ ጣሪያው የሄደበት ሰውዬ አለ። የጸሎት ቤቱ መዘምራን አሉ። ባለሰማያዊዋ በር አለች። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ስሙን ሳይሆን ፊቱን፣ ቤቱን፣ የጸሎት ቤቱን ወንበር። ከዚያ ወደ ሌላው ጥግ ዞረች። ነጠላ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች፣ የቤቱ ዘመድ የሆኑ ሴቶች፣ ካህናቱ። የዕድሩ ጾመኞች የሉም። አንድም የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሲሚንቶው መኪና፣ ያልተነሳው ማጣሪያ በአንድ ጊዜ ዓይኗ ላይ መጡ።

«ካሳስ?» አሉ እትዬ ሚስጥር፣ እጇን እንደያዙ። «ካሳ አልመጣም? እንዴት ይቀራል? ወይኔ አበጋዜ፣ የገዛ ሰዎችህ ጣሉህ!»

ሣራ እጇን አስለቅቃ ወጥታ ወደ ቆመው ባጃጅ ሮጠች።

ሲቀላ ስትደርስ መብራት ጠፍቷል። ጀነሬተሩ ጥገና ላይ ነው። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ በሩ ላይ ቆማ በካርቶን ክዳን ታራግባለች። «ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል ብለዋል» አለቻት፤ እንዲህ የሚባል ነገር መቼ እንደሚመጣ የአርባ ምንጭ ሰው ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ ጥቁር መስታወት ሆኖ ፊቷን ያሳያታል። የሰዉ ስልክ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። አሉ፤ አይታዩም እንጂ። በገዛ ስልኳ ላይ የነበሯትን ጥቂቶች እየፈለገች ደወለች። አንዱ አያነሳም። አንዷ ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ገብታለች፣ ስልኳ ዝግ ነው። በመጨረሻ አቶ ካሳ አነሳ፤ ሴቻ ነበር።

«አቶ ካሳ፣ አቶ አበጋዝ አርፈዋል። ቀብሩ ሰባት ሰዓት ነው። ያገኙትን ሰው ይዘው ይምጡ፣ እባክዎ፣ አሁኑኑ።»

«አበጋዝ?» አለ። «አሁን ነው የምትነግሪኝ? ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው እኮ!»

ስልኩ ተዘጋ። ሣራ ባጃጁን አስመልሳ እያለቀሰች ሄደች። ሹፌሩ የሟች ልጅ መስላው በየጉድጓዱ ላይ ቀስ እያለ ይነዳላት ነበር፤ እሷ ግን እንዲበር ነበር የፈለገችው።

ስትደርስ አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ደርሷል። የተሸከሙት ጋሽ ደግፌና የጸሎት ቤት ሰዎች ናቸው፤ ሌላ ማን አለና? እስከ በሩ ድረስ መሸከም የነበረ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን እንደ ልማዳቸው ቆሙ። እንደ ልማዱ ከኋላ መጥቶ የሚቀበል ትከሻ መኖር ነበረበት። ማንም አልመጣም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደፊት ወጣ አሉ፤ አንደኛው በከዘራ ነው የሚሄዱት። አቶ አበጋዝ ደግሞ በቁመታቸውም በውፍረታቸውም የሦስት ሽማግሌ ሸክም አልነበሩም።

ጋሽ ደግፌ በሩን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ወደ ቄሱ ዞሩ። ላባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ ቄሱ። «ግቡ እንጂ!»

ጋሽ ደግፌ ጫማቸውን በእግራቸው ገፍተው አወለቁ። ሌሎቹም አወለቁ። ገቡ። ከኋላ ያሉትም፣ መዘምራኑም፣ ባለሰማያዊዋ በርም፣ ሁሉም ጫማቸውን በሩ ላይ ትተው ገቡ። ሣራ የመጨረሻዋ ነበረች። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆሙ፤ የማያውቁትን ሲያዜሙ ዝም ብለው፣ የሚያውቁትን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው። ከዚያ እንደገና ተሸክመው ወደ ጉድጓዱ ወሰዷቸው።

አቶ ካሳ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ፣ በየመንገዱ ያገኛቸውን አባላት ጭኖ መጣ። ነጠላውን እያዘቀዘቀ ሮጦ ገባ፣ የተከመረውን አፈር አየ፣ ተንበረከከ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ሰዎች ናቸው። የአበጋዝን ሳጥን በትከሻው አልነካም። ያ ሰው ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰ ያየ፣ በእርሱ ላይ ቂም ሊይዝ አይችልም።

ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ ግን ለቅሶው ቁጣ ሆነ።

«ለነሱ ሁሉ ደርሷቸዋል» አለ፣ መሀል ላይ ቆሞ። «ለኛ ለአንዳችንም አልደረሰንም። ላኪዋ ማናት? ሣራ ናት። ሣራ የማን ናት? ይታወቃል። ስብሰባው አንድ ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ አበጋዝ ሞቶ እንኳ፣ ተበቀላችሁት!»

«ካሳ፣ ተው፣ ቤተ ለቅሶ ነው» አሉ ጋሽ ደግፌ። ቢሆንም እሳቸውም ግራ ገብቷቸው ሣራን ተመለከቱ። ለሁሉም ተልኳል ብለው ነው የሚያስቡት።

ሣራ ቆመች። ሁለት ነገር እኩል አስፈራት። ዝም ካለች ሆን ብላ ያደረገችው ይመስላል፣ ዕድሩም ዛሬ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ይሰነጠቃል። ከተናገረች ደግሞ የእትዬ ሚስጥር መጽናኛ ይፈርሳል፤ ሴትየዋ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የተሸከሙትን ሰዎች እያዩ «ይቅር ብለውታል፣ ይቅር ብለውታል» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች። እንግዲህ ያ ሁሉ በኮምፒውተር ስህተት የመጣ ነው ልትላቸው ነው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ለእሑዱ ምሳ የሚጾመውንና የማይጾመውን ለይቼ አይቼ ነበር። የማይጾመውን እንዳወጣሁ ሳላነሳው ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት መልእክቱን በላክሁ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የነበሩት እነሱ ብቻ ነበሩ። አላየሁም። የደረሰውም ለነሱ ብቻ ነው። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልመረጠም። አቶ ካሳ፣ ወንድምዎን እንዳይሸኙ ያደረግኩ እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «በወጥ ምክንያት?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ፣ ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመው።

ሣራ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እትዬ ሚስጥር፣ ይቅር በሉኝ።»

እትዬ ሚስጥር ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው አጠገባቸው ነው። በለቅሶ በሻከረ ድምፅ ጠየቁ።

«መልእክቱ ለነሱ ብቻ እንደደረሰ እነሱ ያውቁ ነበር?»

«አያውቁም፣ እትዬ። እኔም አላወቅሁም።»

«ማን እንደሞተስ ያውቁ ነበር?»

«እሱን ያውቃሉ። ስማቸውን ጽፌዋለሁ።»

«አበጋዝ ብለሽ?»

«አቶ አበጋዝ ብዬ። ከነአባታቸው።»

እትዬ ሚስጥር ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ እሱ መሆኑን አውቀው ነው የመጡት» አሉ። «እንድትከፈሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲለፋ የነበረው ሰው መሆኑን አውቀው። ሥራ ላይ ነበርን ማለት ይችሉ ነበር። አልሰማንም ማለት ይችሉ ነበር። መጥተዋል።» ከዚያ አቶ ካሳን አዩት። «ካሳ፣ ወንድሜ፣ አንተ እንዳልጣልከው አውቃለሁ። እስካሁን የገዛ ሰዎቹ ጣሉት ብዬ ነበር የማለቅሰው፤ አሁን እሷ ስትናገር ተነፈስኩ። እሑድ የምትሉትን በሉ፣ የኔ ነገር አይደለም። ግን ማን እንደተሸከመው አውቃችሁ በሉ።»

ሣራ እንባዋን መያዝ አቃታትና እዚያው ቆማ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

አቶ ካሳ እንደቆመ ነበር። ነጠላውን ሰበሰበ፣ ወንበር ፈለገ፣ በወንዶቹ በኩል ክፍት የነበረው ጋሽ ደግፌ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። ሄዶ ተቀመጠ። ካሳ የጋሽ ደግፌን ትከሻ አየው፤ ሸሚዙ ላይ የሳጥኑ ጠርዝ ያረፈበት ቦታ ቆሽሿል፣ ስፌቱም ተተርትሯል።

«ከበዳችሁ?» አለ ካሳ፣ ቀስ ብሎ።

ጋሽ ደግፌ ጥቂት አሰቡ። «ከበደን» አሉ። «መቼ ቀላል ሰው ነበር!»

ካሳ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ ከሴቶቹ በኩል ሆኖ መለየት አይቻልም ነበር፤ ጋሽ ደግፌ ግን እጃቸውን ጀርባው ላይ አድርገው እስኪበርድለት ድረስ አላነሱም።

እሑድ ስብሰባው ተደረገ። ዕድሩን ለሁለት ስለመክፈል የተያዘው ጉዳይ ሲደርስ፣ አቶ አበጋዝ ስላረፉ አቅራቢው አቶ ካሳ ነበርና ሊቀመንበሩ ስሙን ጠሩ። ካሳ ከመቀመጫው ሳይነሳ «እኔ የማቀርበው ነገር የለኝም» አለ፣ ሊቀመንበሩም ወደሚቀጥለው አለፉ።